ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት



ዛሬ ማለዳ ከጢስ ዓባይ ተነስታችሁ ለጉዳይ ወደ ባሕር ዳር የምትመጡ አላችሁ። የወሰን ክርክር ይሆናል፤ የካሳ ጥያቄ ይሆናል። ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ትቀመጣላችሁ። በደላችሁን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምራችሁ ትተርካላችሁ። ጎበዝ ጸሐፊ ቶሎ ብዕር አያነሳም። መጀመሪያ ያዳምጣል። ከዚያ ይጠይቃል፦ «አባቴ፣ እንዲደረግልዎት የሚፈልጉት ምንድን ነው? ያኛው ወገንስ ምን ይላል?»

ይቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ታናድዳለች። «የሱ ቃል ለእኔ ምን ያደርግልኛል!» ታሰኛለች። ግን ዳኛው እሱንም ይሰማል።

አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በቀድሞው የበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪው አደግድጎ፣ ቆሞ፣ በአደባባይ ይሟገት ነበር። ንግግሩ ቤት ይመታል፤ ሰው ይደመማል። ባላጋራውን ያላዳመጠ ግን፣ ምንም አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ መልስ ያጥረዋል። እኔን ከግጥሙ ይልቅ የሚገርመኝ ያ ማዳመጥ ነው። ዛሬ ንግግር አሳማሪ ሞልቷል፤ አዳማጭ ነው የጠፋው።

እናም ዛሬ ለአለቃችሁ ደብዳቤ የምትጽፉ፣ ከጎረቤት ጋር የምትከራከሩ፣ መጀመሪያ የዚያን ሰው ሐሳብ ተናገሩለት። ራሱ «አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ። ሳታጣምሙ። ሳታሳንሱ። ከዚያ የራሳችሁን አስከትሉ።