ነፍስ በአደራ፦ ስለ መንፈሳዊ ብስለት



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ መንፈሳዊ ብስለት ነው። ሰፊ ርእስ ስለሆነ ከአገራችን ታሪክ አንድ ዘመን መርጬ በዚያ በኩል ልግባ። በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ። የጸሎት ቤቶቿንና ንብረቷን ወረሰ፤ የባንክ ሂሳቧን አገደ፤ ስድስት መሪዎቿን ያለ ፍርድ ለዓመታት አሰረ። ከሜኖናይት ሚስዮናውያን አገልግሎት የተወለደችው ቤተ ክርስቲያን ምእመናኗን የምትሰበስብበት ጣሪያ አጣች። በዚያን ጊዜ አባሎቿ 5,000 ያህል ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ 34,000 ደርሰው ተገኙ።

ይህን ቁጥር ብዙዎቻችን ሰምተነዋል፤ በጉባኤ ሲጠቀስም እልል እንላለን። ቁጥሩ ግን የሚነግረን ብዙ ሰው እንደ ገባ ብቻ ነው። የገባው ሰው ምን ዓይነት ሰው ሆነ የሚለውን ለማወቅ ምእመናኑ በስውር ወደ ተሰበሰቡባቸው ቤቶች መዝለቅ ያስፈልጋል።

ያለ ፈቃድ ከአምስት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ በሚያስጠይቅበት በዚያ ዘመን ምእመናን ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ ይገናኙ ነበር። አንድ ላይ አይገቡም፤ አንድ ላይ አይወጡም። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ኅብረቱ ሲበዛ ለሁለት ይከፈላል። የማስተማሪያ ጽሑፍ በስውር ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ሠርግና ለቅሶ ሰው ቢበዛባቸውም ስለማይከለከሉ፣ ቃሉ እዚያም ይነገር ነበር። ሴቶች ቡና ቢጠራሩ ማንም ምን አላችሁ አይላቸውም፤ ስለዚህ የኅብረቱ ሸክም በብዛት በእነርሱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ቀድሞ መድረክ ያልተሰጣቸው እናቶች አስተማሪዎችና የጸሎት መሪዎች ሆኑ። ስለዚያ ዘመን ስንናገር የታሰሩትን መሪዎች እናነሣለን፤ ተገቢ ነው። እነዚህ እናቶች ግን ከእነርሱ እኩል ሊነሡ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን አንድ ነገር አስቡልኝ። ከአምስቱ አንዱ ቀበሌ ሄዶ አንዲት ቃል ቢተነፍስ የአራቱ እንጀራ፣ ምናልባትም ሕይወታቸው አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አዲስ ሰው ወደ ኅብረቱ ከመግባቱ በፊት አንደበቱ መታወቅ ነበረበት። ወሬ ያመላልሳል? ሲቆጣ ምን ይናገራል? ሲያስፈራሩት ወይም ገንዘብ ሲያሳዩት ይለወጣል? ጥያቄው ለጥንቃቄ የተነሣ ቢመስልም ሥሩ ሐዋርያዊ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ 3ኛ ምዕራፍ ፍጹም ሰው ማን እንደሆነ ሲያስተምር መለኪያ ያደረገው አንደበትን መግታትን ነው። እኔም የበሰለ አማኝ የምለው፣ ሌላው ሰው ነፍሱን አደራ ሰጥቶት እንቅልፍ ሊወስደው የሚችለውን ሰው ነው።

ብዙ ጊዜ “መከራ ያበስላል” ሲባል እሰማለሁ። በዚህ አሳብ አልስማማም። መከራ ብቻውን ያስመርራል፣ ይበትናል፣ ያስክዳልም። በደርግ ዘመን ፈርተው የተለዩም ነበሩ፤ ልንፈርድባቸው አይገባም። መከራው ሲመጣ የሚታየው ቀድሞ የተሠራው ሰው ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን እንውሰድ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ መንጋቸውን ትተው መሄድን እንቢ አሉ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ይህ ውሳኔ በጭንቅ ሰዓት ድንገት የተወለደ አይመስለኝም። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ በእርሳቸው ዋና ጸሐፊነት ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የወንጌል ስብከትና የልማት ሥራ ሊነጣጠሉ እንደማይገባ፣ ሰውም ነፍስና ሥጋ ተብሎ ሳይከፈል በሙሉ ማንነቱ መገልገል እንዳለበት ተከራክራለች። ሰውን ሙሉ አድርጎ ማየት የለመደ እረኛ፣ የሕዝቡ ሥጋ ሲጨነቅ የራሱን ሥጋ ማትረፍ አልሆነለትም።

ዛሬ በአደባባይ እናመልካለን። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ሩቅ ይሰማል። ስለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ የዝግ ቤቱ ዘመን ይመለስ የሚል ጸሎትም የለኝም። የሚያሳስበኝ፣ በዚህ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ማንም ሳያውቀው ለብዙ ዓመት አማኝ ተብሎ መኖር መቻሉ ነው። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ጦርነት ሲነሣ በየወገኑ ያሉ አማኞች ጾሙ፣ ጸለዩ። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ግን ስልካቸውን አንሥተው የሌላውን ብሔር የሚረግም ጽሑፍ ለወዳጆቻቸው ያጋሩም ነበሩ። ይህ ልቤን ያቆስለዋል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ኦሮሞው በአማራው፣ ወላይታው በጉራጌው አንደበት ላይ ሕይወቱን ጥሎ የጸለየባት አገር ናት። በዚያች ክፍል አደራ የተጠበቀበት አንደበት፣ ዛሬ የማያውቀውን ወንድሙን በጽሑፍ አሳልፎ ሲሰጥ አደግን ማለት አንችልም።

አደራ መጠበቅን ያስተማረችው ያቺ ጠባብ ክፍል ግን ዛሬም ጨርሳ አልተዘጋችም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን፣ ወደ ጸሎት ቤት መውጫ ሲያጡ፣ ሌሊት ከሥራ በኋላ በስልክ ተደዋውለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። ለታመመችው፣ ደመወዟን ለተከለከለችው ያዋጣሉ። ስለ ብስለት የሚያስተምር ሰው ብንፈልግ ከእነርሱ መካከል እናገኛለን።

ሽማግሌዎችን በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር አለ። አገልጋይ ስንሾም በአብዛኛው የምናየው የመናገርና የመዘመር ጸጋውን ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት 3ኛ ምዕራፍ ግን የቤቱ አያያዝና በውጭ ካሉት ሰዎች ያገኘው መልካም ምስክርነት ተጠይቀዋል። እንግዲህ ማንም ሰው መድረክ ላይ ከመቆሙ በፊት አምስት ሰዎች ይጠየቁለት፦ የትዳር ጓደኛው፣ እምነቱን የማይጋራ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ገንዘብ ያበደረው ወይም ቤት ያከራየው ሰው፣ እንዲሁም የቤት ሠራተኛው። ሠራተኛዋ ከሁሉ በፊት ትጠየቅ። ስትናገር አሠሪዋ አጠገቧ አይሁን፤ በተናገረችው ምክንያት ከሥራዋ እንዳትባረርም ሽማግሌዎች ኃላፊነቱን ይውሰዱ።