ሁለተኛው መርፌ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ)



እኛ በዊኒፔግ የምንኖር፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ስኳር ያለብን አባላት፣ በዚህ የበረዶ ወራት የሜቲስ ሴቶችን የዶቃ ጥልፍ ስንማር ቆይተናል። ሜቲሶች ከአገሬው ተወላጅ እናቶችና ከአውሮፓ ከመጡ የቆዳ ነጋዴዎች የተገኙ ሕዝብ ናቸው። የካናዳ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1982 መብታቸውን አውቆላቸዋል። በጥልፋቸው ምክንያት «የአበባ ዶቃ ሰዎች» ይባሉ ነበር።

ሥራው በሁለት መርፌ ነው። አንደኛው ዶቃውን ይደረድራል፤ ሁለተኛው በየሁለት በየሦስት ዶቃው መሐል ክሩን ከጨርቁ ጋር ይሰፋዋል። ጣታችን ሲያብጥ እናስቀምጠዋለን፤ የተሰፋው አይበተንም። ሲሻለን ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ሕመማችን ቀጠሮ አያከብርም። ዛሬ ደህና ውለን ነገ ከአልጋ አንነሣም። ስብሰባ በቀረን ቁጥር ግን መቀጫ እንከፍላለን፤ መቀጫው ሲበዛባቸው ከማኅበሩ የወጡ እኅቶችም አሉ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። በሕመም የቀረች አባል መቀጫው ይነሣላት። ሁለት ጊዜ ተከታትላ ከቀረች ደግሞ አንዲት እኅት ቤቷ ድረስ ሄዳ ትጠይቃት። ዶቃውን መደርደሩን እኛ እንችላለን፤ እናንተ ሁለተኛውን መርፌ ያዙልን።