የመሮጫ ሜዳ እንዴት ይጠፋል?
(ለቀበሌው ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሜዳ ነው የማወጋችሁ። በሆላንድ አገር አሰን የሚባል ከተማ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም የታወቀ ነው። መንገዱ የገጠር መንገድ ጠባይ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ሰሜናዊው ዙር ተቆርጦ ቀረ፤ 6 ኪሎ ሜትር የነበረው ወደ 4 ተኩል ወረደ። ውድድሩም ስሙም ዛሬ አለ። የተቆረጠውን ጠመዝማዛ ግን ከእንግዲህ ማን ይመልሰዋል?

እስቲ ወደ አገራችን እንምጣ። አዲስ አበባ ያለው ጃን ሜዳ ፈረስ የተጋለበበት፣ ጉግስ የታየበት፣ የአገር አቋራጭ ሯጮች የተወዳደሩበት፣ ጥምቀት የሚከበርበት ነው። ቅርሱ ግንብ አይደለም፤ ክፍትነቱ ነው። ክፍት ስለሆነም ሁሉ ይመኘዋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደዚያው ተዛወረ። ጊዜው አስገድዶ ነው፣ አልነቅፍም። ለ2013 ጥምቀት ገበያው ወጣ፣ ሜዳውም ተጠረገ። ጊዜያዊ ስለነበረ ተነሣ እንጂ፣ ግንብ ቤት ቢሆን ኖሮስ?

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው ባቡር ሲመጣ መጋዘን ይመጣል፤ መጋዘን ሲመጣ መሬት ይፈለጋል። ፈላጊው ቀድሞ የሚያየው ደግሞ ያንኑ «ባለቤት የሌለው» ሜዳ ነው።

ስለዚህ ልጆቻችን የሚሮጡበት ሜዳ በከተማው ፕላን ላይ በስሙ ይመዝገብ እላለሁ። ድንበሩን የምታውቁ አባቶች አሳዩን፤ ወጣቶች ችካል ትተክላላችሁ። ማመልከቻውን እኔ እጽፋለሁ፤ ፊርማው ግን የሁላችሁም ይሁን።