ጨው ለተከለከለ ሰው የባልትና መጽሐፍ ስለ መምረጥ

በቀድሞው ዘመን ጨው በዳባትና በደባርቅ አገር እንደ ገንዘብ የከበረ ነበረ። ከአፋር በረሃ የተቈረጠው አሞሌ በትግራይ በኩል አልፎ የሊማሊሞን ዳገት በአጋሰስ እየወጣ ወደ ጎንደር ይገባ ነበርና፥ ባለቤት ሁሉ ይቈጥበው ነበር። ዛሬ ግን ከየሱቁ ስለሚገኝ እጅ ሳይሰስት ይጨምረዋል። ደም ግፊት ያደረበት ሽማግሌም ከሐኪም ቤት «ጨው ቀንስ» ተብሎ ሲመለስ፥ ከየትኛው ምግብ እንደሚቀነስ ቤተ ሰቡን ግራ ይገባዋል። ያን ጊዜ መጽሐፍ እንዲመርጥ የሚጠየቀው መምህሩ ነው።

አስቀድሞ መታየት የሚገባው መስፈሪያው ነው። «ጨው በመጠኑ» ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ ለጤነኛ ያገለግል ይሆናል፤ ለታመመ ግን አይረባም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሙሉ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል፤ ይኸውም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። እንግዲህ መጽሐፉ ወጡ ለስንት ሰው እንደሚበቃ ደግሞ መናገር አለበት። 2 ማንኪያ ጨው የገባበት ወጥ ለ6 ሰው ቢቀርብ ለያንዳንዱ የማንኪያ ሲሶ ይደርሰዋል፤ ለ3 ሰው ቢቀርብ ግን እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ የሚከፋው የተሰወረው ጨው ነው። ድስቱ ሳይጣድ ገና በበርበሬው፥ በሽሮው፥ በሚጥሚጣውና በቋንጣው ገብቷል፤ በገጠር ቡናም በጨው ይጠጣል። ስለ በርበሬና ስለ ሽሮ ዝግጅት የማይናገር፥ ከባሕር ማዶ ተተርጕሞ የመጣ መጽሐፍ ሥዕሉ ቢያምርም ለደባርቅ ባለቤት እንግዳ ነው። የሚሻለው በርበሬን ያለ ጨው ማዘጋጀትን፥ የወጡንም ጣዕም በነጭ ሽንኩርት፥ በዝንጅብል፥ በኮረሪማና በኮሰረት ማውጣትን የሚያስተምረው ነው፤ እህሉም ባቄላ፥ ገብስና ድንች ይሁን። (የጾም ወጥ ቅቤ ስለሌለው ጨው ይበዛበት ይሆናልና፥ የጾሙን ክፍል ለይቶ መመርመር ደግ ነው።)

አዮዲን የሌለውን ጨው የሚያመሰግን መጽሐፍ ይተው። በደጋ አገር እንቅርት የሚበዛው አዮዲን ስለሚያንስ ነው፤ መንግሥትም በ2003 ዓ. ም. ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንግጓል። ስለዚህ ጨው ይነስ እንጂ አዮዲኑ አይቅር። በፖታሲየም የተሠራው የጨው ምትክም ኵላሊቱን የታመመን ሰው ሊጎዳ ይችላልና፥ ይህን ማስጠንቀቂያ የዘለለ መጽሐፍ አይታመንም።

ከአንድ መሶብ ለሚበላ ቤተ ሰብ ሁለት ድስት መጣድ ይከብዳል፤ በሽተኛውም ከማዕድ እንደ ተለየ ቈጥሮ ያዝናል። ወጡን ለሁሉ በጥቂት ጨው ሠርቶ፥ ለሚሻው ጨውን ለብቻ ማቅረብን የሚያሳይ መጽሐፍ ይመረጣል። ከመግዛትም በፊት አንድ ገጽ ለባለቤቲቱ ይነበብላት፤ ወጥ የምትሠራው እርስዋ ናትና፥ መስፈሪያውን ከቤትዋ ማንኪያና ጣሳ ጋራ ማስማማት ካልቻለች ሌላ ይፈለጋል።