ባቡሩ ለድሬዳዋ ምን ይዞ ይምጣ?

(የፓርቲያችን ዕጩ ለድሬዳዋ መራጮች ያደረጉት ንግግር)



ይህችን ከተማ የቆረቆራት ባቡር መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ከባድ ሆኖ በመገኘቱ፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ቆላ ላይ ደረሰ። ከተማዋም «አዲስ ሐረር» ተባለች። ሆቴሉም፣ ጋራዡም፣ የከዚራ ጎዳናም የባቡሩ ልጆች ናቸው።

አሮጌው መስመር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ጋር ሲቆራረጥ የተጎዳው የምድር ባቡር ሠራተኛው ብቻ አልነበረም። ከመንገደኛው ጋር ይኖር የነበረው ሻይ ቤት፣ ተሸካሚና ነጋዴም አብሮ ተጎድቷል።

በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ተቃዋሚ ስለሆንን አይደለም አንልም። ነገር ግን በቢሊዮን ዶላር በሚቆጠር ብድር የተሠራ ሐዲድ ኮንቴይነር ከጂቡቲ ወደብ እየተቀበለ ወደ መሀል አገር ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ለድሬዳዋ የሚተርፋት ጡሩንባው ነው።

ዋናው ችግር የመልስ ጭነት ነው። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ወደ ወደቡ የሚመለሰው ፉርጎ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይሄዳል። ባዶ ፉርጎ ነዳጅ ባይበላም ዕዳ ይበላል! በአንጻሩ የሐሮማያና የኮምቦልቻ ገበሬ ድንቹንና ሽንኩርቱን ለጂቡቲ ገበያ በመኪና ይልካል። ስለዚህ ፓርቲያችን ድሬዳዋ ላይ የአትክልት ማከማቻ፣ ማቀዝቀዣ ያላቸው ፉርጎዎችና የጉምሩክ ፍተሻ በአንድ ግቢ እንዲገኙ ይሠራል። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው ነጻ የንግድ ቀጠናም የውጭ ዕቃ ማራገፊያ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ምርት ተዘጋጅቶና ታሽጎ የሚወጣበት ይሆናል።

አሮጌው የባቡር ጥገና ወርክሾፕ ደግሞ ሙዚየም ብቻ ሆኖ እንዲቀር አንፈልግም። ብየዳና የማሽን ሥራ ለወጣቱ የሚያስተምር ማሠልጠኛ ይውጣው፤ ያረጁት ባለሙያዎች እውቀታቸውን ይዘው ሳያልፉ ያስተምሩ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ በመሆኑም ከባቡሩ ሰዓት ጋር የሚገናኝ የከተማ አውቶቡስ ያስፈልገዋል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሻንጣ ይዞ በጠራራ ፀሐይ ለቆመ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሆናል ብለን አናታልላችሁም። ከኩባንያው ድርሻ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጂቡቲ ነው፤ ታሪፍና የጉዞ ሰዓት በድርድር እንጂ በትእዛዝ አይለወጥም። ከአዳማ ወዲህም ሐዲዱ ነጠላ ስለሆነ አንዱ ባቡር ሌላውን ጠብቆ ያልፋል።

ብትመርጡን ድሬዳዋ ላይ የተጫነውን የፉርጎ ብዛት በየስድስት ወሩ በይፋ እንድታውቁት እናደርጋለን። ቁጥሩ ካልጨመረ በዚሁ አዳራሽ ጠርታችሁ ጠይቁን።