መድኃኒት በሌላም በር ይገባል



ዛሬ የምንነጋገረው ሰው ስለሚያፍርበት ነገር ነው። ይህ እፍረት ግን አንድ አባታችንን ለከንቱ ሥቃይ ዳርጓቸዋል።

እኒህ አባት የዴዴሳ ቆላ ገበሬ ናቸው። ቁርጥማት ጉልበታቸውን አሳብጦ ከእርሻ አስቀራቸው። ለሕክምና ነቀምቴ ወጥተው እንደ ጥይት የሾለ ነጭ መድኃኒት ይዘው ተመለሱ። ታዲያ ምን አደረጉ? በውሃ ዋጡት! እብጠቱ አልቀነሰም፤ ጨጓራቸውንም አቃጠላቸው። ማታ ትምህርት ላይ ሲነግሩን እኛ ተማሪዎቹ ሳቅን። በኋላ ማሸጊያውን ብናነበው «በፊንጢጣ ብቻ የሚሰጥ» ይላል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ቀድመን ልናነብላቸው የሚገባን እኛ ነበርን። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ለመሆኑ መድኃኒት ለምን በዚያ ይሰጣል? ፊንጢጣ ብዙ የደም ሥር አለው። መድኃኒቱ እዚያ ሲሟሟ ወደ ደም ይገባል። ከፊሉም ጉበት ኃይሉን ሳይቀንስበት ያልፋል። ለሚያስታውክ፣ መዋጥ ለተሳነው ወይም ራሱን ለሳተ ሰው ይረዳል። በዴዴሳና በአንገር ሸለቆ ወባ ልጅ ሲጥል አይታችኋል። ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወባ ጸንቶበት መዋጥ ካቃተው፣ ጤና ኬላ ላይ አርቴሱኔት የተባለው መድኃኒት በፊንጢጣ ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። «ተሻለው» ብሎ ቤት ማስቀረት ልጁን ለሞት መተው ነው።

ጥይት መሳዩ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከስብ ይሠራል። እንደ ቅቤ በገላ ሙቀት ይቀልጣል። ችግሩም ይኸው ነው፤ በቆላ ገና ኪስ ውስጥ ይቀልጣል፣ ከገባም በኋላ ተመልሶ ይፈሳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የቅቤን ተቃራኒ ፈለጉ። ፖሎክሳመር ከሚባል ነገር ጄል፣ ማለትም ዝልግልግ መድኃኒት፣ ይሠራል። ቀዝቃዛ ሲሆን እንደ ውሃ ይፈሳል፤ የገላ ሙቀት ሲያገኘው ይወፍራል። በወፈረበት ይቆይና መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኮሪያ ተመራማሪዎች ከፓራሲታሞል ጋር እንዲህ ያለውን ሠርተው ውጤቱን አሳትመዋል። እብጠት የሚያበርደው ዳይክሎፌናክም በዚሁ መንገድ ተሞክሯል።

«በታች ከገባ ጨጓራ አይነካም» የሚሉ አሉ። ስሕተት ነው! እብጠት የሚያበርዱ መድኃኒቶች በደም ዞረው ጨጓራን ይጎዳሉ። የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ ኩላሊቱን የሚያመው፣ ወሯ የገፋ ነፍሰ ጡርም አስቀድመው ለሐኪም ይንገሩ።

እኒያ አባት ሁለተኛውን መድኃኒት እንዴት ወሰዱት? ለስልሶ ስላገኙት ማሸጊያውን ሳይፈቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ሲጠነክር እጃቸውን ታጠቡ፤ ማሸጊያውን ልጠው በጎናቸው ተኝተው አስገቡት፤ ጥቂትም ሳይነሡ ቆዩ። በሩን ግን ዘግተው ነው፤ እኛንም አስወጥተውናል።