የዓይን ደም ሥር ሥዕልና የማየት ኃይል



በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ጥለት የሚሠራ ሸማኔ የስኳር በሽታ ቢኖርበትም ክሩን አጥርቶ እስካየ ድረስ ዓይኑ ጤነኛ ይመስለዋል። የሐኪም ቤቱ የፊደል ሰሌዳም ያንኑ ሊመሰክርለት ይችላል። ይሁን እንጂ ሰሌዳው የሚመዝነው በሬቲና መሐል ያለችውን ትንሽ ቦታ፣ ማኩላን ብቻ ነው። በዙሪያዋ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ተዘግተው፣ በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ ሥሮች በቅለው ሳለ ሰውየው እስከ መጨረሻው መስመር ሊያነብ ይችላል። ሥሮቹ በደሙ ጊዜ ግን ብርሃኑ በድንገት ይጋረዳል።

ስለዚህ ሥሮቹን በሥዕል መመልከት አስፈላጊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1961 ኖቮትኒና አልቪስ የተባሉ አሜሪካውያን የሕክምና ተማሪዎች፣ ፍሎረሲን የተባለ ቀለም በክንድ ሥር ሰጥተው በሬቲና ሲያልፍ ፎቶግራፍ የሚነሣበትን ዘዴ አሳተሙ። በዚህ ሥዕል ደም የማይደርስበት ቦታ ጨልሞ፣ የሚያንጠባጥበው ደግሞ ደምቆ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1991 የሬቲናን ንብርብር በብርሃን ነጸብራቅ የሚያሳየው ኦሲቲ ለዓለም ተገለጸ። ከእርሱ የተወለደው ኦሲቲ አንጂዮግራፊ ቀለም አያሻውም፤ አንዱን ቦታ ደጋግሞ እያነሣ፣ በሥዕሎቹ መካከል የታየውን ልዩነት የሚንቀሳቀስ ደም ምልክት አድርጎ በስሌት ይለያል።

ሆኖም ሥዕሉ ራሱ የማየት ኃይል መለኪያ አይደለም። በማኩላ መሐል በተፈጥሮ የደም ሥር የሌለበት፣ ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል የሆነ ቦታ አለ። በሽታው ይህን ቦታ ሲያሰፋው እይታ የመድከሙ ዕድል ይጨምራል፤ ነገር ግን ሁለቱ ሁልጊዜ እኩል አይራመዱም። እይታን አዘውትሮ የሚያደክመው በማኩላ የሚከማች ፈሳሽ ሲሆን፣ ኦሲቲ አንጂዮግራፊ የሥሮቹን ማንጠባጠብ አያሳይም። ደሙ እጅግ የዘገየበት ሥርም በሥዕሉ ላይ የሌለ ይመስላል፤ ዓይን ሲንቀሳቀስም ሐሰተኛ መስመር ይፈጠራል። በመሆኑም ሰሌዳው ዛሬ ያለውን እይታ ሲናገር፣ ሥዕሉ ነገ ሊመጣ የሚችለውን አደጋ ያመለክታል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ይህ ልዩነት ብርቱ ቁም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1976 ውጤቱ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት፣ የጨረር ሕክምና ከባድ የእይታ መጥፋትን በግማሽና ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሕክምናው ያለውን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ዓይኑ ሳይደክም፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ይገባዋል።

በጉለሌ እንደሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ባለ ትልቅ ሆስፒታል ይሁን በትንሽ ጤና ጣቢያ፣ የመሐንዲሱ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ሌንሱ አቧራ ከያዘ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከተዋዠቀ ወይም መለዋወጫ ከጠፋ፣ ሐኪሙ በጊዜው ሊያየው የሚገባውን ምልክት ያጣል። መሣሪያን በአግባቡ መጠበቅ የሰውን ብርሃን መጠበቅ ነው።